የጠርዙ ሦስት ማዕዘን

ሰፊው፦ ለአልጋ ልብሱ ከቁርጥራጭ ካሬ ቆርጠሽ ካሬውን ከካሬ ጎን ብትሰፊው ሥራው ያልቃል። ስፌቱ ቀጥ ያለ፣ ጠርዙ ቀጥ ያለ፣ ሌላ ጣጣ የለበትም። አንቺ ግን ካሬውን በማዕዘኑ አቆምሽውና ዙሪያው ጥርስ ጥርስ ሆነ። ያንን ጥርስ ልሙላ ብለሽ ደግሞ ደህና ጨርቅ በሦስት ማዕዘን ትቆርጫለሽ። ሥራ የጠፋ ይመስል ለምን ሥራ ትፈጥሪያለሽ?

ወጣቷ፦ ትርፍ ሥራ አይደለም፣ ጋሼ። ካሬው ቀጥ ብሎ ሲደረደር ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው መጋጠሚያው ላይ ነው፤ ቁርጥራጭ መሆኑ ከበር ላይ ይታወቃል። በማዕዘኑ ሲቆም ግን ቀለሙ ከራስጌ ወደ ግርጌ በሰያፍ ይወርዳል፤ ሰው መስመሩን ይከተላል እንጂ ስፌቱን አይቆጥርም። ሌላም አለ። ለሜትር ከሃያ አልጋ የሚሆን አልጋ ልብስ፣ ወርዱ 1 ሜትር ከ40፣ ቁመቱ 2 ሜትር ገደማ ነው እንበል። ካሬው ተሰፍቶ ሲያልቅ 20 ሳንቲ ከሆነ፣ ቀጥ ብሎ ሲደረደር 70 ካሬ ይፈጃል። በማዕዘኑ ሲቆም፣ በወርዱ 5 በቁመቱ 7 አድርጌ፣ በመካከላቸው የሚገቡትን ጨምሬ 59 ይበቃኛል። እርስዎ ጠረጴዛ ሥር ከሚወድቀው የዩኒፎርም ቁርጥራጭ፣ ከፖፕሊኑ፣ ከካኪው፣ አብሮ የሚሄድ 59 መልቀም 70 ከመልቀም ይቀለኛል።

ሰፊው፦ 11 ካሬ አተረፍሽ። ግን የ11 ካሬ ስፋት ባዶ ሊቀር አይችልም፤ በሦስት ማዕዘን ሞላሽው። ቁርጥራጩ በነጻ ነው፤ ለሦስት ማዕዘኑ የምትፈልጊው ግን አንድ ዓይነት፣ ደህና፣ በሜትር የሚገዛ ጨርቅ ነው። ያተረፍሽውን መልሰሽ ከኪስሽ አወጣሽው ማለት ነው።

ወጣቷ፦ ወርዱ ሜትር ከሃምሳ ከሆነ ጨርቅ 70 ሳንቲ ብቻ ነው የምገዛው። ዙሪያውን 20 የጎን ሦስት ማዕዘን፣ 4 የማዕዘን ሦስት ማዕዘን፤ ሁሉም ከዚያች ትወጣለች።

ሰፊው፦ 20 ሦስት ማዕዘን ከሆነማ እኔም አውቅበታለሁ። 10 ካሬ ቆርጬ እያንዳንዱን ለሁለት እሰነጥቀዋለሁ፤ 20 ወጣ። አንቺ ግን 5 ትልልቅ ካሬ ቆርጠሽ ለአራት ለአራት ትሰነጥቂያለሽ። ቅርጹ ያው ነው፣ መጠኑም ያው ነው። ልዩነቱ አልገባኝም።

ወጣቷ፦ ቅርጹ ያው ነው፤ ድሩና ማጉ የሚሄድበት አቅጣጫ ግን ሌላ ነው። እስቲ ይቺን ፖፕሊን ይያዙልኝ። በድሩ በኩል ይሳቧት።

ሰፊው፦ አትሳብም።

ወጣቷ፦ በማጉ በኩል።

ሰፊው፦ ትንሽ ትሰጣለች።

ወጣቷ፦ አሁን ከማዕዘን ወደ ማዕዘን።

ሰፊው፦ ይሄማ ይለጠጣል። ስንት ዘመን የሠራሁበት ነው። የአንገት ዙሪያ የምከፍፍበትን ጨርቅ በሰያፍ የምቆርጠው እኮ እንዲታዘዝልኝ ብዬ ነው።

ወጣቷ፦ አንገት ላይ እንዲታዘዝ ይፈልጋሉ፤ የአልጋ ልብስ ጠርዝ ላይ ግን እንዲታዘዝ አይፈለግም። አንድ ካሬ ለሁለት ሲሰነጠቅ፣ መቀሱ የሄደበት ረጅሙ ጎን ሰያፍ ይሆናል፤ ሁለቱ አጫጭር ጎኖች ቀጥ እንዳሉ ይቀራሉ። የጎን ሦስት ማዕዘን ላይ ረጅሙ ጎን የት ነው የሚውለው? ውጭ፣ ዳር ላይ። 20 ሰያፍ ጎን ተከታትሎ አልጋ ልብሱን ይዞራል ማለት ነው። ገና ሲሰፋ ይለጠጣል፣ ካውያ ሲያርፍበት ይለጠጣል፣ ታጥቦ በውሃው ክብደት ገመድ ላይ ሲንጠለጠል የባሰ ይለጠጣል። መሐሉ በልኩ እንዳለ ይቀርና ዳሩ ይረዝማል፤ ዳሩ ሲረዝም ደግሞ ይርገበገባል፣ አልጋ ላይ አይተኛም። ትልቁን ካሬ ለአራት ስሰነጥቀው ግን ረጅሙ ጎን የካሬው የራሱ ጎን ነው፤ መቀስ በሰያፍ አልነካውም። ድሩን ወይም ማጉን ይዞ ዳር ላይ ይቀመጣል።

ሰፊው፦ የማዕዘኖቹስ? እነሱንም ለአራት ነው?

ወጣቷ፦ እነሱ ለሁለት ነው። ለምን ቢሉ፣ የአልጋ ልብሱ አራቱ ማዕዘን ላይ ወደ ውጭ የሚወጡት አጫጭሮቹ ጎኖች ናቸው፤ ረጅሙ ጎን ወደ ውስጥ ዞሮ ከካሬው ጋር ይሰፋል። ስለዚህ ሁለት ካሬ፣ አንድ አንድ ጊዜ ተሰንጥቆ፣ አራት የማዕዘን ሦስት ማዕዘን ይወጣል። ደንቡ አንድ ነው፦ ሰያፉ ወደ ውስጥ፣ ቀጡ ወደ ውጭ።

ሰፊው፦ ሰያፉን ወደ ውስጥ አስገባሽው እንጂ አላጠፋሽውም። አሁን 20ውም ሦስት ማዕዘን ሁለት ሁለት ሰያፍ ጎን አላቸው፤ ሁሉም ስፌት ላይ ነው የሚውሉት። የእኔ መኪና እግር የላይኛውን ጨርቅ ይገፋል። ሰያፍ ሲያገኝማ እየገፋ ያስረዝመዋል፤ መጨረሻ ላይ ሦስት ማዕዘኑ ከካሬው አልፎ ይወጣል። በእኔ መንገድ ግን ቀጡን ከቀጡ ጋር ሰፍቼ፣ ዳሩን በጥብጣብ አስረዋለሁ። ጥብጣብ አይለጠጥም። የትኛው ይሻላል?

ወጣቷ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው። ሰያፍ ጎን ብቻውን ሲሆን ነው የሚያስቸግረው። ከካሬው ቀጥ ያለ ጎን ጋር ሲሰፋ ካሬው ይይዘዋል፤ ከዚያ በኋላ የትም አይሄድም። የሚያስፈልገው እስኪሰፋ ድረስ መጠንቀቅ ነው። ሦስት ማዕዘኑን ከሥር፣ ካሬውን ከላይ አድርጌ ነው ከመኪናው እግር ሥር የማስገባው። ከሥር ያለው የመኪናው ጥርስ የተረፈውን እየሰበሰበ ይወስደዋል፤ እግሩ የሚገፋው ደግሞ ካሬውን ነው፤ ካሬው አይለጠጥም። ጨርቁንም ሳልቆርጠው በፊት በስታርች አጠንክሬ እተኩሰዋለሁ። ከተቆረጠ በኋላ ካውያውን አላንሸራትትም፤ አስቀምጬ አነሳለሁ። ጥብጣቡን በተመለከተ፣ ጥብጣብ የተለጠጠን ዳር አይመልስም፤ የተለጠጠውን እንደተለጠጠ ያስረዋል። ደግሞም ጥብጣቡ የሚገባው መጨረሻ ላይ ነው። እስከዚያ ድረስ ያ ዳር በስንት እጅ ይሳባል?

ሰፊው፦ ከመስፋቴ በፊት ዳሩን አንድ ዙር በመኪና ብመታውስ? ቆርጬ፣ ወዲያው ስፌት አሳልፌበት።

ወጣቷ፦ ያኔ ይይዛል። ሌላ ጨርቅ ከሌለና ያለው ቁርጥራጭ ለትልቅ ካሬ የማይበቃ ከሆነ እኔም እንደዚያው ነው የማደርገው። ግን 20 ተጨማሪ ስፌት ነው፤ ስፌት ለመቆጠብ ብለው የጀመሩት መንገድ ስፌት ጨመረብዎት።

ሸማኔው፦ ልጄ፣ ለአራት ስትሰነጥቂው ሁሉም ቀጥ አለ አልሽ። እውነት ነው፤ ግን ሁሉም እኩል አይደለም። ከአንድ ካሬ ከወጡት አራቱ፣ ሁለቱ ድሩን ዳር ላይ ይይዛሉ፣ ሁለቱ ማጉን። ድር ተወጥሮ የተሸመነ ነው፤ ልቡን አይሰጥም። ማግ በመወርወሪያ የገባ ነው፤ ጎብጦ ነው የሚገባው፤ ስትስቢው ይቃናና ይረዝማል። አሁን ይህ ሰው ሲስበው «ትንሽ ይሰጣል» ያለው እሱን ነው። ዳሩ ላይ አንዱ ድር አንዱ ማግ እያፈራረቅሽ ብትሰፊ፣ አንዱ ይሰጣል አንዱ አይሰጥም።

ወጣቷ፦ አባባ፣ ይሄን ያለ ሸማኔ የሚነግረኝ የለም። ከ5 ካሬ 10 ባለ ድር፣ 10 ባለ ማግ ይወጣል። ቁመቱ በኩል በአንድ ጎን 6፣ በሁለቱ 12 ሦስት ማዕዘን ይገባል። ወርዱ በኩል 4 እና 4፣ 8 ነው። ክብደት የሚጎትተው ቁመቱን ነው። ባለ ድሮቹን በሙሉ ቁመቱ ላይ ላደርጋቸው እችላለሁ፤ ግን 2 ይጎድላሉ።

ሰፊው፦ ስለዚህ ስድስተኛ ካሬ ልትቆርጪ ነው። 24 ይወጣል፣ 20 ትጠቀሚያለሽ፣ 4 ይጣላል። ቁርጥራጭ ለማዳን ተነስተሽ ቁርጥራጭ አመረትሽ።

ወጣቷ፦ የምገዛው ጨርቅ አይጨምርም። የጎኑ ካሬ 34 ሳንቲ ነው። ሜትር ከሃምሳ ወርድ ላይ 4 ይገባል፤ ሁለተኛው መደዳ ላይ አንድ ብቆርጥም ሁለት ብቆርጥም ያው 70 ሳንቲ ነው የምገዛው። የማዕዘኖቹም ሁለት ካሬ እዚያው መደዳ ላይ ይገባሉ። የተረፉት አራቱ ደግሞ የትራስ ልብስ ማዕዘን ይሆናሉ። ባለ መስመር ጨርቅ ከሆነ ግን የአባባ ነገር በዓይንም ይታያል፤ መስመሩ በአንዱ ሦስት ማዕዘን ከዳሩ ጋር ይሄዳል፣ በሌላው ይቆርጠዋል። ሳያስቡበት ከሰፉት ያስቀይማል። አስበው ቁመቱን በአንዱ፣ ወርዱን በሌላው ካደረጉት የታሰበበት ይመስላል፤ ነውም።

ሰፊው፦ 34 አልሽ። ከየት መጣ?

ወጣቷ፦ ያለቀለት ካሬ 20 ነው። ከማዕዘን ማዕዘን በሜትር ይለኩት፤ 28 ሳንቲ ከትንሽ ይመጣል። በሒሳብ 20 በ1.414 ሲባዛ 28.28 ነው፤ ሒሳብ የማይፈልግ ግን ሜትሩን ይዘርጋ፣ ያው ነው። የሦስት ማዕዘኑ ረጅም ጎን ተሰፍቶ ሲያልቅ ይሄን ያህል መሆን አለበት። በዚያ ላይ የስፌት ትርፍ ይጨመራል።

ሰፊው፦ የስፌቱ ትርፍ በየጎኑ ሰባት ሚሊ ተኩል ከሆነ፣ ለሁለት ጎን አንድ ሳንቲ ተኩል ነው። 30 ይበቃል።

ወጣቷ፦ ቀጥ ያለ ማዕዘን ቢሆን ይበቃ ነበር። የሦስት ማዕዘኑ ሁለት ጫፎች ሹል ናቸው። ሹል ጫፍ ላይ ስፌቱ ሰባት ሚሊ ተኩል ሲገባ፣ በረጅሙ ጎን ላይ የሚበላው 1.8 ሳንቲ ነው። ለሁለቱ ጫፍ 3.6። 28.3 እና 3.6 ሲደመር 32 ይቀርበዋል። 30 የቆረጠ ሰው ዳሩ ላይ ይደርስና ጨርቅ ያጥረዋል፤ ያኔ መፍትሔ የለውም። የማዕዘኑ ካሬ ደግሞ የሰያፉ ግማሽ ነው፣ 14.1፤ አንዱ ጫፍ ሹል ስለሆነ 1.8፣ ሌላው ቀጥ ስለሆነ 0.75፤ ድምሩ 17 ይጠጋል፤ 18 አድርጌ እቆርጠዋለሁ።

ሰፊው፦ 32 ይበቃል ብለሽ 34 ትቆርጫለሽ፤ 17 ይበቃል ብለሽ 18። ከዚያ ትርፉን ሰፍተሽ ስትጨርሺ በመቀስ ትጥይዋለሽ። እኔ ከአባቴ የተማርኩት ሁለት ጊዜ ለክተህ አንድ ጊዜ ቁረጥ ነው። አንቺ ሁለት ጊዜ ትቆርጫለሽ።

ወጣቷ፦ ምክንያቱም 11 መደዳ አለ። በሰያፍ ሲደረደር የመጀመሪያው መደዳ አንድ ካሬ፣ ቀጥሎ 3፣ 5፣ 7፣ 9፣ 9፣ 9፣ ከዚያ እየቀነሰ ይመለሳል። በየስፌቱ ግማሽ ሚሊ ብስት፣ ዘጠኝ ካሬ ያለው መደዳ ላይ ሲጠራቀም ይታያል። ሦስት ማዕዘኑ በልኩ የተቆረጠ ከሆነ ይህ ስህተት የሚወጣው ዳሩ ላይ ነው፤ ዳሩን ላስተካክል ስል የካሬው ጫፍ ይቆረጣል። ጫፉ የተበላ ካሬ ደግሞ ወዲያው ዓይን ውስጥ ይገባል፤ በማዕዘኑ የቆመ ካሬ ውበቱ ጫፉ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ሰፋ አድርጌ እሰፋለሁ። ከዚያ መሬት ላይ ዘርግቼ፣ ማስመሪያውን ከካሬዎቹ ጫፍ ሰባት ሚሊ ተኩል ወደ ውጭ አሳልፌ፣ ጫፍ ከጫፍ እያየሁ አሰምራለሁ። ማዕዘኖቹን በስኳድራ አወጣለሁ። ከመቁረጤ በፊት ከማዕዘን ማዕዘን ሁለቱንም ሰያፍ እለካለሁ፤ እኩል ካልሆኑ አልቆርጥም።

ሰፊው፦ አናጢ የበር ማቀፊያ ሲያይ እንደሚያደርገው።

ወጣቷ፦ አዎ። በዚህ መጠን ሁለቱም 2 ሜትር ከ45 አካባቢ ይመጣሉ። ውጭ አገር ለጨርቅ የተሠራ መንኮራኩር ያለው ቢላዋ አለ፤ ኦልፋ የሚባል የጃፓን ድርጅት በ1979 እ.ኤ.አ. ነው ያወጣው፤ ብዙ ድርብ ጨርቅ ባንዴ ይቆርጣል። እኛ ዘንድ በጠመኔ፣ በብረት ማስመሪያና በደህና መቀስ ይሠራል። ፍጥነቱ እንጂ ልኩ አይለወጥም።

ሸማኔው፦ ስለ ፋብሪካ ጨርቅ ያልሽው ሁሉ ያስማማኛል። ነገር ግን ለአልጋ ልብሱ ዳር ሸማ ልታደርጊ እንደሆነ ሰምቻለሁ። እሱ ላይ ልከራከርሽ። የእጅ ፈትል የላላ ነው፤ ሽመናውም እንደ ፋብሪካ አይጠብቅም። በሰያፍ ስትቆርጪው ድሩና ማጉ እርስ በርስ ይንሸራተታሉ። ካሬ የነበረው ዓይንሽ እያየ ቅርጹን ይለውጣል። ከተቆረጠበት ደግሞ ክሩ ይመዘዛል። ሰባት ሚሊ ተኩል ያልሽው ስፌት አንድ ክረምት አይቆይም።

ወጣቷ፦ ለሸማ ስፌቱን አንድ ሳንቲ ተኩል ላድርገውና፣ የተቆረጠውን ጠርዝ ወዲያው በዚግዛግ ልያዘው። ልኩንም በዚያው መጠን አሳድገዋለሁ።

ሸማኔው፦ መያዙን ይያዝ። ግን ለምን? በማዕዘኑ የቆመ ካሬ፣ ሹል ጫፍ፣ ሦስት ማዕዘን፣ እኔ ጥለት ላይ አወጣዋለሁ። በእጄ ቀለሙን እያስገባሁ፣ ክር እየቆጠርኩ፣ አንድም ቦታ መቀስ ሳይነካው። ጫፉ አይበላም፤ ምክንያቱም ስፌት የለውም። አይለጠጥም፤ ምክንያቱም ሰያፉ መስመር የሚታየው ለዓይን ብቻ ነው፤ ክሩ እንደሆነ ሁልጊዜ ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው። ቅርጹን ከፈለግሽ ከእኔ ዘንድ አለ። ሙሉ ጨርቅ ቆራርጦ መልሶ መስፋት የጨርቁን ጉልበት ማጥፋት ነው።

ወጣቷ፦ እርስዎ ጥለት የሚያወጡት ለነጠላና ለቀሚስ ዳር ነው። ሙሉ አልጋ ልብስ በዚያ ጥለት ቢሠሩልኝ ማን ይገዛዋል? ዋጋው የሰርግ ልብስ ይሆናል። እኔ የምነሳው ከተቆራረጠ ነገር ነው። ጨርቁን የቆረጥኩት እኔ አይደለሁም፤ ጋሼ ሱሪ ሲሰፉ የቆረጡት ነው። ቀድሞ ጉልበቱን ያጣውን ነው የምሰበስበው።

ሸማኔው፦ ለመሐሉ ይሁን። ለዳሩ ግን የእኔን ሙሉ ሸማ ነው የምትቆርጪው።

ሰፊው፦ እኔ ደግሞ ሌላ ላንሳ። ሸማ ሲታጠብ ይሰበሰባል፤ ቴትረን አይሰበሰብም፤ ፖፕሊን በመካከል ነው። ሦስቱን አንድ ላይ ሰፍተሽ አጠብሽው እንበል። ዳሩ ሲሰበሰብ መሐሉ ይነፋል። በጥንቃቄ ያሰላሽው ድርና ማግ፣ ያ ሁሉ 1.8 ሳንቲ፣ አንድ እጥበት ያፈርሰዋል።

ወጣቷ፦ ሁሉም ከመቆረጡ በፊት ይታጠባል፣ ይተኮሳል። ሸማው ደግሞ ሁለት ሦስት ጊዜ በሙቅ ውሃ። ቴትረንን ከጥጥ ጋር ባልቀላቅል ይሻላል፤ እሱን ለብቻው ሌላ አልጋ ልብስ አደርገዋለሁ።

ሰፊው፦ እንግዲህ እያጠበሽ፣ እየለየሽ፣ እየተኮስሽ፣ እያሰላሽ። 59 ካሬና 24 ሦስት ማዕዘን፣ 83 ቁራጭ። ከዚያ ገበር፣ ከዚያ መሐሉ ጥጥ ወይም ያረጀ ብርድ ልብስ፣ ከዚያ ሦስቱን ድርብ አንድ ላይ መውጋት። በዚህ ሁሉ ጊዜ ስንት ዩኒፎርም ይሰፋል? ገበያ ውስጥ ደግሞ በኮንቴይነር የገባ ለስላሳ ብርድ ልብስ አለ፤ ይሞቃል፣ ያምራል፣ ዋጋው ካንቺ የእጅ ዋጋ ያንሳል። ድሃው አይገዛሽም፤ ምክንያቱም እራፊ ቤቱ ሞልቷል። ሀብታሙ አይገዛሽም፤ ምክንያቱም ድሪቶ ይመስለዋል። ማን ቀረ?

ወጣቷ፦ የዩኒፎርሙ ሥራ እኮ ነሐሴና መስከረም ላይ ነው። በዓል አለፍ ሲል መኪናዎ ጨርቅ ተከናንቦ የሚቀመጥበት ወር አለ፤ እሱ ወር ነው የእኔ። ገዢውን በተመለከተ፣ መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ እዚሁ መካነ ሰላም ግቢ አለው፤ ቆላ አገር ያደጉ ልጆች መጥተው የወሎ ቦረናን ብርድ በአንድ ብርድ ልብስ ለመቻል ይሞክራሉ። ደሴና ኮምቦልቻ ሆቴል ያላቸው ሰዎች አሉ። ድሪቶ ይመስላቸዋል ያሉት ግን የሚታለፍ አይደለም። ድሪቶን ድሪቶ የሚያደርገው ቁርጥራጩ ነው ወይስ አሠራሩ? በ1881 ዓ.ም. መተማ ላይ አፄ ዮሐንስን የገጠመው የድርቡሽ ጦር የለበሰው እራፊ የተጣፈበት ጅባ ነበር። መጀመሪያ የለበሱት ዓለምን የናቁ ሰዎች ያረጀባቸውን ቅዳጅ እየጣፉ ነው። ኋላ ግን እራፊው ተመርጦ፣ በልክ ተቆርጦ፣ ቀኝና ግራው ተመዛዝኖ የሚሰፋ ሆነ፤ የጦር ልብስ፣ የክብር ልብስ ሆነ። ቁርጥራጩ አልተለወጠም። የተለወጠው ልኩ ነው።

ሰፊው፦ የድርቡሽ ልብስ ለወሎ ሰው ማስረጃ አይሆንም። ጎንደርን ያቃጠለ ጦር ነው።

ወጣቷ፦ እንግዲያው ሌላ ልጥቀስ። አሜሪካ፣ አላባማ ውስጥ ጂስ ቤንድ የምትባል የገጠር ቀበሌ አለች፤ አብዛኞቹ ነዋሪዎቿ የባሮች ዘሮች ናቸው። ሴቶቹ ከአሮጌ የሥራ ልብስ፣ ከተቀደደ ሱሪ፣ ብርድ እንዳይገባ የሚለብሱትን ይሰፉ ነበር። ሚዙሪ ፔትዌይ የምትባል ሴት በ1942 እ.ኤ.አ. ባሏ ሲሞትባት የሥራ ልብሱን ቆራርጣ ሰፋችው፤ ከሥሩ ተኝታ እንድታስታውሰው። የቀበሌዋ ሴቶች ሥራዎች በ2002 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ዊትኒ ሙዚየም ግድግዳ ላይ ተሰቀሉ፤ በ2006 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ፖስታ ቤት ከእነሱ የተወሰኑትን ቴምብር አደረጋቸው።

ሰፊው፦ መልካም። እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ እውነቱን ንገሪኝ። እነዚያ ሴቶች 1.414 እያሉ ያሰሉ ነበር?

ወጣቷ፦ ብዙዎቹ አይለኩም። በዓይናቸው ነው የሚቆርጡት። መስመሩ ይጣመማል፣ ዳሩ እኩል አይሆንም።

ሰፊው፦ አየሽ። ሙዚየም የገባው ያልተለካው ነው። የሰው እጅ የሚታይበት፣ ዳሩ የጎበጠው። አንቺ ደግሞ ዳሩ እንዳይጎብጥ ብለሽ ይሄን ሁሉ ሒሳብ አመጣሽ። በማስረጃሽ ራስሽን ተከራከርሽ።

ወጣቷ፦ ከባድ ነገር አነሱ። እንደዚህ ነው የምመልሰው። ሚዙሪ ፔትዌይ የሰፋችው ለራሷ ነው፤ ዳሩ ቢጎብጥ የምትተኛበት እሷ ናት። ያንን ሱሪ ስንት ዓመት አጥባዋለች፤ የት እንደሳሳ፣ የት እንደሚሰጥ በእጇ ታውቀዋለች። እኔ የማላውቀውን ሰው ጨርቅ ለማላውቀው ሰው አልጋ ነው የምሰፋው። እሷ በእጇ የምታውቀውን እኔ በልክ ነው ማወቅ የምችለው። ሌላው፣ የጎበጠ ዳር አንድ ነገር ነው፣ የሚርገበገብ ዳር ሌላ ነው። የጎበጠው መልክ ነው፤ ከወደዱት ይቆያል። የሚርገበገበው ግን በየእጥበቱ እየባሰ ሄዶ ስፌቱን ይበጥሳል። በዓይን ብቆርጥም፣ ጠማማ ብቆርጥም፣ ቀጡን ወደ ውጭ ማድረጌን አልተውም።

ሸማኔው፦ ይሄ ደህና መልስ ነው።

ሰፊው፦ ደህና መልስ ነው፤ ዋጋውን ግን አይመልስልኝም። ደመወዝ የሚከፍል ሥራ መሆኑን አላሳየሽኝም።

ወጣቷ፦ አላሳየሁም። ሠርቼ ሸጬ ነው የሚታየው።

ሰፊው፦ እንግዲያው እንዲህ እናድርግ። ደንበኛ ሳንፈልግ በፊት ጠርዙን እንፈትነው። ከዚያው ፖፕሊን ሁለት ሦስት ማዕዘን ቁረጪ፤ አንዱ በእኔ መንገድ ለሁለት የተሰነጠቀ፣ አንዱ ባንቺ ለአራት። የሁለቱንም ረጅም ጎን ለክተሽ ጻፊ። አርጥበሽ፣ ከረጅሙ ጎን አንዱን ጫፍ ሚስማር ላይ ስቀዪ፤ ሌላው ጫፍ ላይ ክብደቱ እኩል የሆነ ብረት እሰሪበት። ደርቆ ሲወርድ መልሰሽ ለኪ። የእኔ ካልረዘመ ስለ ድርና ማግ ሁለተኛ አታንሺብኝ። ከረዘመ የምገዛልሽ ጨርቅ 70 ሳንቲ ነው።

ሸማኔው፦ ከሸማም አንድ አንድ ይቆረጥ። ቁራጭ አመጣለሁ፤ ሙሉውን ግን አልሰጥሽም።

ወጣቷ፦ ባለ ማጉም ይጨመር፣ አባባ፤ ለአራት ከተሰነጠቀው አንዱ ባለ ድር፣ አንዱ ባለ ማግ። ያኔ ስድስተኛውን ካሬ መቁረጥ ይገባኝ እንደሆነም ይታወቃል።

ሰፊው፦ ይጨመር። በፖፕሊኑ አሸንፈሽኝ በሸማው ከተሸነፍሽ ግን ዳሩ ፖፕሊን ይሆናል፤ ሸማውን ለጋቢ ትተይዋለሽ።